እኔ የሄድኩበትን አትሂጂ

ወንድሜን ሐኪሙ "ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ በእግርህ ሂድ" ካለው ወዲህ የእሑድ ጠዋት እንቅልፍ ከቤታችን ጠፋ። ታላቅ ወንድሜ ብቻውን መከራ ማየት አይወድም። ስለዚህ እኔንም ይቀሰቅሰኛል። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእሱና ከሚስቱ ጋር ነበር የምኖረው፤ መሪ ሰፈር አካባቢ ያለ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። በማኔጅመንት ድግሪ አለኝ። ድግሪው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ እኔ መድኃኒት ለሚገዛ ሰው መልስ ስሰጥ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር።

የዚያን እሑድ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ ይዘን ነበር። ክረምቱ ሊወጣ የቀረው ጥቂት ቢሆንም መሬቱ ገና ጭቃ ነው። የባሕር ዛፉ መሃል እንደገባን ከፊታችን ጩኸት ሰማን። ስንደርስ ሰባት ስምንት ሰው አንድ ቦይ ዳር ቆሟል። ቦዩ ውስጥ ስድሳ ዓመት የሚያልፋቸው አንዲት እናት በጎናቸው ወድቀዋል። የተሸከሙት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ አሁንም ከጀርባቸው ጋር እንደታሰረ ነው። አዳልጧቸው ከነሸክማቸው ተንሸራተው ነው የገቡት።

"ቀና አድርጓቸው!" ይላል አንዱ። "ውሃ! ውሃ አምጡ!" ይላል ሌላው። ከሁሉ በላይ የሚጮኸው አንድ ትልቅ ሰውዬ እጃቸውን ይዞ ሊጎትታቸው ሲል አንድ የጥበቃ ሠራተኛ "ቆይ፣ አምቡላንስ ጠርቻለሁ" አለ። ወንድሜ ጃንጥላውን ይዞ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ማናችንም ምን መደረግ እንዳለበት አናውቅም፤ ግን ሁላችንም እንናገር ነበር።

ብዙ ከጠበቅን በኋላ አምቡላንሱ ከላይ አስፋልቱ ላይ ቆመ። ወደ ታች መውረድ አይችልም። ቦርሳ የያዘች አጠር ያለች ሴት ቀድማ ወረደች። ከኋላዋ ሹፌሩ ቃሬዛ ተሸክሞ ይከተላታል። ዕድሜዋ አርባ ገደማ ይሆናል። ስትደርስ አልጮኸችም፣ "ዞር በሉ" አላለችም። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር በጣም የሚጮኸውን ሰውዬ ፈልጋ ማግኘት ነበር።

"ጋሼ፣ እባክዎ እዚያ አስፋልቱ ላይ ሆነው መኪና ያሳልፉልኝ። አምቡላንሱን እንዳይዘጉብኝ።"

ሰውዬው ሹመት እንደተሰጠው ሰው ሮጦ ወጣ። ጸጥታ ሆነ።

ከዚያ በሆዷ ጭቃው ላይ ተኛች። እውነቴን ነው፣ ያን ንጹሕ የደንብ ልብሷን ለብሳ ቦዩ ውስጥ ገብታ ተኛች፤ ፊቷን ከእናቲቱ ፊት ጋር ትይዩ አደረገች።

"እማማ፣ እኔን ይዩኝ። አንገትዎን ግን አያዙሩ። እኔ ወደሚያዩበት እመጣለሁ። የት ጋ ያምዎታል?"

"ጎኔን ነው፣ ልጄ። ትከሻዬንም።"

"የእግር ጣትዎን ያንቀሳቅሱልኝ እስቲ። ጎበዝ። ሁለተኛውን። ጎበዝ።"

ትንፋሻቸውን አዳመጠች፣ የልብ ምታቸውን ቆጠረች፣ ከዚያ ሸክሙን ለመለየት ከቦርሳዋ መቀስ አወጣች። እናቲቱ መቀሱን ሲያዩ ደነገጡ።

"ገመዴን አትቁረጪው! ልጄ፣ እባክሽ ገመዴን!"

ከቆመው ሰው አንዳንዱ ሳቀ። "እማማ፣ ነፍስዎን አያስቀድሙም?" ያለም ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ትንሽ አሰበችና መቀሱን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

"እሺ፣ እንፈታዋለን" አለች። ቀና ብላ አካባቢውን ቃኘችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። "አንቺ፣ ባለ ቀይ ሹራቧ፣ ነይ።"

"እኔ?"

"አዎ። በጭንቅላታቸው በኩል ተንበርከኪ። ክርንሽን መሬት ላይ አስደግፊ። ጭንቅላታቸውን በሁለት እጅሽ እንዲህ ያዢ። አትጫኚ፣ አትጎትቺ፣ ባለበት ብቻ ያዢው። እስክነግርሽ ድረስ አትልቀቂ።"

ያዝኩ። የእናቲቱ ጆሮ መዳፌ ውስጥ ቀዝቃዛ ነበር። ሴትየዋ በጥፍሯና በእስክሪብቶ ጫፍ የረጠበውን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። እየፈታች ታወራቸዋለች፤ የስንት ልጆች እናት እንደሆኑ፣ የትኛው ሰፈር እንደሚኖሩ፣ ጠዋት ምን እንደቀመሱ። ወሬ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስማር ነው የገባኝ፤ አእምሯቸው ደህና መሆኑን በየደቂቃው እየፈተነች ነበር። ገመዱ ተፈታ። ሸክሙ ተነሣ። የአንገት መደገፊያ አሰረችላቸው፣ ሹፌሩና ሁለት ወጣቶች በእሷ ቆጠራ እኩል አንስተው ቃሬዛው ላይ አደረጓቸው። ገመዱን በሥርዓት ጠቅልላ እናቲቱ እጅ ውስጥ አስገባችው።

"አሁን መልቀቅ ትችያለሽ" አለችኝ። "እጅሽ አልተንቀጠቀጠም።"

ይህን ብላ ሄደች። እኔ ግን እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ቀረሁ፤ ወንድሜ ነው ያነሣኝ። እስከ መገናኛ ድረስ ታክሲ ውስጥ መዳፌን እያገላበጥኩ አየሁ።

"ምን ሆነሻል? ደነገጥሽ እንዴ?" አለኝ ባቡር ስንጠብቅ።

"አልደነገጥኩም" አልኩት። እውነቴን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያን ቀን ሰው ጠቅሜ አላውቅም ነበር፤ የሠራሁት ደግሞ ሳልንቀሳቀስ መቀመጥ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከሥራ እንደወጣሁ፣ አምቡላንሱ ከየትኛው ጣቢያ እንደመጣ አጠያይቄ ሄድኩ። የካ ውስጥ ነው፤ ሁለት አምቡላንስ የሚቆምበት፣ በቆርቆሮ የተከለለ ግቢ። ሴትየዋ እጅጌዋን ሰብስባ የአምቡላንሱን ውስጥ በሳሙና ታጥባለች።

"ባለ ቀይ ሹራቧ" አለች ገና ስታየኝ።

"እናቲቱስ?" አልኳት።

"የጎን አጥንታቸው ተሰንጥቋል፤ የወለቀው ትከሻቸው ተመልሷል። አንገታቸው ደህና ነው። ቤታቸው ገብተዋል።"

"የሚያጥብልዎት ሰው የለም?"

"አለ። ግን የጎደለውን ዕቃ የማየው ሳጥብ ነው። ደግሞ አንቺ በይኝ፣ አሮጊት አታድርጊኝ።"

ስለ ገመዱ ጠየቅኳት። ለምን አልቆረጥሽውም? መቀሱ እኮ እጅሽ ላይ ነበር። ጨርቁን ጨመቀችና መለሰችልኝ፤ "እግራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሻቸው ደህና ነው፣ የሚፈስ ደም የለም። ጊዜ ነበረን። ጊዜ ባይኖረን ኖሮ እያለቀሱም እቆርጠው ነበር።"

ያን ጊዜ ነው የመጣሁበትን ያወጣሁት። "ይህን ሥራ መማር እፈልጋለሁ። አንቺ የት ነው የተማርሽው? እዚያው ልመዝገብ።"

አልነገረችኝም። "መጀመሪያ ራስሽ ዞረሽ እዪ" አለችኝ። "ስትሄጂ ወረቀት አሳይተው እንዳይሸኙሽ። የሚለማመዱበትን የሰው አሻንጉሊት አሳዩኝ በያቸው፤ ደረቱን ተጫኚው። ተማሪዎቹ አምቡላንስ ላይ ወጥተው፣ ሆስፒታል ገብተው እንደሚሠሩ ጠይቂ። አስተማሪውን ደግሞ በሽተኛ መጨረሻ የነካኸው መቼ ነው በይው። እሱ ከተቆጣሽ ትተሽው ተመለሽ።"

ዞርኩ። የመጀመሪያው በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ ሥልጠና ነበር። ቁስል ማሰር፣ ስብራት መደገፍ፣ የታነቀን ሰው መርዳት ያስተምራሉ። ክፍሉ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኞችና የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ነበሩ፤ ደስ እያላቸው ይማሩ ነበር። እኔም በቶሎ ማለቁን ወደድኩት፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እጨርሰዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሁለተኛው መገናኛ አካባቢ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ላይ ያለ የግል ኮሌጅ ነው። የማታና የቅዳሜ ትምህርት አለው። ሥራዬን ሳልለቅ ዲፕሎማ ልይዝ ነው ማለት ነው። ሬጅስትራሯ እንደ ሙሽራ ነበር የተቀበለችኝ። የልምምድ ክፍሉን ስጠይቃት አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ አስተማሪ ጠርታ ሦስተኛ ፎቅ ወሰዱኝ። አሻንጉሊቱ የሚያምር ነበር፤ አዲስ፣ ፀጉሩ ሳይቀር የተበጠረ። ፊቱና ደረቱ ግን ገና ከፋብሪካ እንደወጣ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። እንደተባልኩት ደረቱን ተጫንኩት። ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

"ተማሪዎች እንዳያበላሹት ብለን ነው" አለች ሬጅስትራሯ ፈጠን ብላ። አስተማሪው መሬት መሬት ያያል።

ፎርሙን ሳልሞላ "አስቤበት እመለሳለሁ" ብዬ ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አስተማሪው ነው።

"እህት፣ አንድ ጊዜ" አለኝ። ወደ ላይ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ተማሪ ልምምድ የሚወጣበት ሆስፒታል ገና አላገኘንም። እየተነጋገርን ነው፤ ሲገኝ ጥሩ ትምህርት ቤት ይሆናል። ዘንድሮ ግን እኔ አንቺን ብሆን አልመዘገብም።"

"ይህን ሲነግሩኝ ቢሰሙዎትስ?"

"ይቆጡኛል" አለ። "ግን እስካሁን ሊመዘገብ ከመጣው ሰው አሻንጉሊቱን የተጫነው የለም። አንቺ የምርሽን ነው የመጣሽው። እናቴ ደግሞ እዚሁ ሲ.ኤም.ሲ ነው የምትኖረው። አንድ ቀን ብትወድቅ የምታነሺያት አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።"

እጄን ጨብጦ ወደ ላይ ተመለሰ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። እንጀራውን ከሚሰጠው ቤት ደረጃ ላይ ቆሞ ለማያውቃት ሴት እውነቱን የሚናገር ሰው ከዚያ ወዲህ ብዙ አላየሁም።

ሦስተኛው ከኮረብታው ሥር ያለ የመንግሥት ኮሌጅ ነው። በሩ ላይ የተቀበለኝ ሰው የለም፤ ራሴ ፈልጌ ነው ክፍሉን ያገኘሁት። አሻንጉሊቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። የደረቱ ቆዳ ከመጫን ብዛት ተልጦ ሁለት ቦታ በፕላስተር ተለጥፏል። አገጩ በላስቲክ ታስሯል። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እየተጫኑ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። አንደኛው ተማሪ የበሽተኛው አባት ሆኖ "ልጄን ገደላችሁት!" እያለ ይጮህባቸዋል፤ እነሱ ቆጠራው ሳይጠፋባቸው መቀጠል አለባቸው። አስተማሪው ይህን ሁሉ ከጥግ ያያል። የሳምንቱን እኩሌታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንደሚሠራ ነገረኝ። በሽተኛ መጨረሻ የነካው መቼ እንደሆነ ብጠይቀው ሰዓቱን አየና "ከሦስት ሰዓት በፊት" አለኝ። አልተቆጣም። እንዲያውም "ማን ነው ይህን ጠይቂ ያለሽ?" ብሎ ሳቀ።

ችግሩ ሌላ ነበር። ትምህርቱ የቀን ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል። ሥራዬን መልቀቅ ሊኖርብኝ ነው። በዚያ ላይ የድግሪዬ ዋጋ እዚያ የለም፤ እንደማንኛዋም አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች ልጅ ከታች ነው የምጀምረው።

ማታ ለወንድሜ ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ድግሪ ይዘሽ ወደ ዲፕሎማ፣ ወደ ደረጃ አራት? ሰው ወደ ላይ ነው እንጂ ወደ ታች ይማራል እንዴ?"

"ወደ ታች አይደለም። ሌላ ትምህርት ነው።"

"እሺ፣ ያን የሳምንታቱን ለምን አትወስጂም? እሱም ያው አምቡላንስ ነው።"

ሚስቱ እስከዚያ ትሰማ ነበር። "እናቲቱ የወደቁ ቀን" አለችው፣ "እሷ ጭንቅላታቸውን ስትይዝ አንተ ምን ይዘህ ነበር?"

ወንድሜ ማንኪያውን መልሶ አነሣ። "ጃንጥላ" አለ። "እሱንም ዝናብ ሳይኖር።" ሦስታችንም ሳቅን። ሲስቅ ነገሩ እንዳለቀለት አውቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "ሥራሽን ልቀቂ። እስክትጨርሺ ቤት ውስጥ ምንም አይጎድልብሽም" አለኝ። ወንድሜ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ብዙ ነገር ያደረገልኝ እንደዚህ ወደ ጫማው እያየ ነው።

ቅዳሜ ወደ ጣቢያው ተመለስኩ። ሴትየዋ ጥላ ሥር ተቀምጣ ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስተረከችኝ። በፕላስቲክ የተጠቀለለውን አሻንጉሊት ስነግራት ሳቀች። ደረቱ የተላጠውን ስነግራት ግን ጠጋ አለች። የሚጮኸውን "አባት" ደግማ አስነገረችኝ።

"አንቺም እዚያ ነው የተማርሽው፣ አይደል?" አልኳት። እርግጠኛ ነበርኩ።

"አይደለም" አለች። "እኔ የተማርኩት ያን የሳምንታቱን ነው። ሌላውን ሁሉ መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት።"

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ።

"እኔ የሄድኩበትን አትሂጂ" አለችኝ። "ትምህርቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለሰፈር፣ ለፋብሪካ ጥሩ ነው። ለዚህ ሥራ ግን አይበቃም። አንድ ቀን ትንፋሽ ያጠረው ወጣት ይዤ ሆስፒታል ገባሁ። ኦክስጅን ሰጥቼዋለሁ፣ ቀና አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ሐኪሙ ‹ሳንባውን አዳመጥሽው? በሁለቱም በኩል አየር ይገባል?› አለኝ። ማዳመጫው አንገቴ ላይ ነው። ምን እንደምሰማ ግን አላውቅም ነበር። ልጁ ተርፏል፤ ያተረፈው ግን ዕድሉ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እጄ የሚያውቀውን ብዙ ነገር ለምን እንደማደርገው አላውቅም።"

ይህን ያለችኝ እንደዚያ ስትሠራ ያየኋት ሴት ናት። ያን ቀን ቦዩ ውስጥ ካየኋት በላይ ያደነቅኳት ይህን ስትናገር ነው። "እንደኔ ሁኚ" ብትለኝ እሆን ነበር። እሷ ግን ከራሷ በላይ ወደሆነ ቦታ ላከችኝ።

ሰኞ ጠዋት ኮሌጁ ሄጄ ሁለት ፎርም ጠየቅኩ። አንዱን ሞልቼ ሰጠሁ፤ ሁለተኛውን ይዤ ጣቢያው ሄድኩ።

"የማን ነው?" አለች።

"ያንቺ።"

"አብደሻል? ልጄ እኮ አሥረኛ ክፍል ናት! ከልጄ እኩዮች ጋር አግዳሚ ላይ ልቀመጥ?" ፎርሙን ግን አልመለሰችልኝም። አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። የዚያን ዓመት አልሞላችውም።

እኔ ገባሁ። ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያውን የተግባር ፈተና ወደቅኩ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ሠርቼ ስጨርስ አስተማሪው "በሽተኛሽ ነቅታ ነበር። ከገባሽ ጀምሮ አንድ ቃል አልነገርሻትም" አለኝ። ይህን ለሴትየዋ ስነግራት "እሱንስ ከኔም መማር ትችይ ነበር" ብላ ቀለደችብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ ጣቢያው መሄድ ልማድ ሆነብኝ። እሷ እጄን ታርማለች፤ እኔ የሳምንቱን ትምህርት አነብላታለሁ። "ለምን?" ትለኛለች በየመስመሩ። መልሱን ካላወቅኩ ሰኞ አስተማሪውን ጠይቄ እመጣለሁ። አስተማሪው ጥያቄው የእኔ አለመሆኑን ሳያውቅ አልቀረም።

በዓመቱ የምዝገባ ሰሞን በግቢው ሳልፍ ሰልፉ ውስጥ አየኋት። የደንብ ልብሷን ለብሳለች፤ ከፊቷም ከኋላዋም ያሉት ልጆች ማስቲካ ያኝካሉ። ስታየኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቀርቤ አብሬያት ተሰለፍኩ። ተራዋ ሲደርስ ጸሐፊው "እናት፣ ለልጅዎ ነው?" አላት።

"ለራሴ ነው" አለች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከምናምን፣ ቀኑን እየተማረች የቅዳሜና የእሑዱን ፈረቃ ሁሉ ወሰደች። ባልደረቦቿ የማይመቻቸውን ሰዓት እየሰጧት እነሱ የተመቻቸውን ወሰዱ፤ አልተጣላቻቸውም። ቤት ስትገባ ከልጇ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያጠናሉ። ልጅቷ ባዮሎጂ ላይ እናቷን ትረዳት እንደነበር ሴትየዋ እየሳቀች ነገረችኝ። አስተማሪው ደግሞ ከባድ ነገር ሲደርስ "እስቲ እሷ ትንገረን፣ መንገድ ላይ እንዴት ነው የሚሆነው?" እያለ ክፍሉን ለእሷ ይለቅላት ነበር።

እኔ ቀድሜያት ጨርሼ የብቃት ምዘናውን አልፌ እዚሁ የካ ውስጥ ተመደብኩ። የእሷ ውጤት የወጣ ቀን ከሹፌራችን ጋር መሪ ሰፈር ነበርን፤ አንድ አዛውንት ከአራተኛ ፎቅ በቃሬዛ እያወረድን። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እሷ እንደሆነች አውቄአለሁ፤ ግን ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል። አዛውንቱን ሆስፒታል አስረክበን ስንወጣ መልሼ ደወልኩላት።

"አለፍኩ" አለችኝ። እልል ልል ስል አቋረጠችኝ። "ቆይ፣ ስልክ ያላነሣሽው በሽተኛ ይዘሽ ነው? ምን ሆኖ ነበር?"

ነገርኳት። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ የትንፋሻቸውን ነገር፣ የሰማሁትን ድምፅ፣ የሰጠሁትን ሁሉ ዘረዘርኩላት። እሷም ጠየቀችኝ፣ መለስኩ፣ ተከራከረችኝ። ሹፌራችን ክላክስ ሲያደርግ ነው የነቃሁት። ሌላ ጥሪ መጥቶ ነበር።